ወንድሜ ያቀደው ጸጥ ያለ ቅዳሜ

ታላቅ ወንድሜ ዴንስዮ ከተቀበረ በኋላ ባሉት ዘጠኝ የጸሎት ቀናት ቤታችን የመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ አንድ ታሪክ ሲያወራ ከረመ። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይሳሳታል። ጎረቤቶቹ ሃያ ሁለት ነበሩ ያለ አለ። አሥራ ሦስት ነበሩ፤ ከእኔ ጋር አሥራ አራት። እንግዶቹ ጀርመኖች ነበሩ ያለ አለ። ቼኮች ነበሩ። የቅዱሱ ምስል ባሕር ውስጥ ወደቀ ያለችም አለች። አልወደቀም፤ የወደቀው የአሊንግ ኡፔንግ ጃንጥላ ነው፣ እሱም ወጥቷል። እኔ የሳን ቴልሞ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ያዥ ነኝ። ሌላው ቢቀር ይህን አስተካክዬ ልጻፍለት።

ዴንስዮ ሙሉ ስሙ ፊደንስዮ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ሰው ዓለምን የዞረ አድርጎ ያየው ነበር፤ እሱ ግን «የዞርኩት ከወለሉ በታች ነው» ይል ነበር። ሮተርዳምን በድምፅ እንጂ በዓይን አያውቃትም። ልጁ ስትወለድ ስዊዝ ካናል ላይ ነበር። የመጀመሪያ ቁርባኗን ስትቀበል ብራዚል ነበር። ስትዳር የት እንደነበር እሱ ራሱ ረስቶታል፤ ደብዳቤው እኔ ዘንድ አለ፣ ደርባን ነው።

እምቢ ማለት አያውቅም። ይህን የምለው ስለሞተ ለማሞገስ አይደለም፤ በሽታ ነበር። የክርስትና ልጆቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። እሱ «አንተ የኔ ጀግና» እያለ ነበር የሚጠራቸው፣ ሴቶቹንም ጭምር፤ ስማቸውን በሙሉ የማውቀው እኔ ነኝ።

በአርባ ስድስት ዓመቱ «በቃኝ» ብሎ መጣና ሁለት ዓመት ሙሉ በግቢው ውስጥ ባንካ ሠራ፤ በግራና በቀኟ የቀርከሃ ክንፍ ያላት የእኛ አገር ጀልባ። አሳቡ የነበረው ጎብኚ ወደ ደሴቶቹ እያመላለሰ እዚሁ ለመኖር ነው። ጀልባዋ አለቀች፤ ቀለም ተቀባች፤ ጎብኚ ግን የለም። በሳን ቴልሞ ጎብኚ የሚያድሉት አንድ ሰው ናቸው፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አሊንግ ፔላ፤ «አሊንግ» በእኛ ዘንድ እትዬ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ያልታወቀ ጀልባ ላይ እንግዳ አያስቀምጡም። በመሀሉ የመርከብ ቀጣሪዎቹ ጻፉለት፤ ሌላ የአሥር ወር ውል አለ፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጥ።

ያን ሳምንት ሰኞ ዕለት አሊንግ ፔላ ራሳቸው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ።

«ዴንስዮ፣ ከቼክ አገር የመጡ ባልና ሚስት አሉኝ። ቅዳሜን ላንተ እሰጥሃለሁ። ደስ ካላቸው ከእንግዲህ እንግዶቼን የምትወስደው አንተ ነህ። ካማረሩ ግን ሁለተኛ ደጄ እንዳትመጣ።»

«ምን ይፈልጋሉ አሊንግ ፔላ? ልጥለቅ? አሣ ላጥምድላቸው?»

«ሰውዬው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸጥታ።»

«ጸጥታ ብቻ?»

«ሙዚቃ የለም፣ ጫጫታ የለም፣ ሌላ ሰው የለም። ሰው የሌለበት ደሴት።»

«ይሄማ ያለቀ ነገር ነው!» አለ ዴንስዮ። «ለጸጥታ ምን ድካም አለው?»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያቅድ ጀመር። እቅዱን የጻፈው በጠመኔ በጀልባዋ ጎን ላይ ነው። አንድ ሰዓት መነሣት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነጭ ጥርስ በምንለው ደሴት መዋኘት። አራት ተኩል የርግብ ዋሻ። ስድስት ሰዓት ድስት ክዳን ደሴት ላይ ምሳ። አሥር ሰዓት ገደማ መመለስ።

«ገደማ ሰዓት አይደለም» አልኩት።

«እህት ዓለም፣ ባሕሩ ሰዓት አያስርም እኮ።»

«ሰውዬው ያስራል። አሊንግ ፔላን ጠይቄያለሁ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር የጉዞ ሰሌዳ ያወጣ ነበር።»

ዴንስዮ ጠመኔውን ጣለ። ከዚያ አነሣና «ገደማ» የሚለውን በክርኑ አጠፋው።

ቀጥሎ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍኩለት፣ በእንግሊዝኛ፣ አጭር። እሱ የሚያውቀው የመርከብ እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ የብሎን ቁጥር። አረፍተ ነገሮቹ አልያዝለት ስላሉ በመጀመሪያ በራሳችን ቋንቋ ልለማመደው አለ። ንግግሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ወደ ደሴቶቹ ብትመጡልኝ ደስታዬ ነው። እባካችሁ ኑልኝ። ሳትመጡ እንዳትቀሩ።» እንግዶቹ ዋዜማውን አሊንግ ፔላ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ የሚባል ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲያልፍ «ወዴት ነው?» ይባላል፤ ሰላምታ ነው። የሚሄደው ሰው «ነይ እንሂድ» ይላል፤ ይህም ሰላምታ ነው። አንድ ጊዜ ሲጋብዙህ አመስግነህ ታልፋለህ። ሁለተኛ ሲሉህ ምክንያት ትፈጥራለህ፤ ልብስ አጥባለሁ፣ ወገቤን አሞኛል። ሦስተኛ ጊዜ ከተባልክ ግን የምር ነው፤ ከዚያ በኋላ መቅረት ሰውየውን በጥፊ እንደ መምታት ይቆጠራል። ይህን በሳን ቴልሞ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። የንግግሩን ነጠላ ሰረዞች አንድ በአንድ ስመረምር ያመሸሁት እኔ፣ ግብዣዎቹን ግን አልቆጠርኳቸውም።

ዴንስዮ ደግሞ ለብቻው መለማመድ አልቻለም። «የሰው ፊት ካላየሁ አፌ አይፈታም» አለ። ስለዚህ አራት ቀን ሙሉ ጀልባዋ ሥር ቆሞ፣ ያለፈውን ሰው ሁሉ እያስቆመ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ንግግሩን ተናገረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አሸዋው ላይ አሥራ ሦስት ሰው ቆሞ ነበር። ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ድስት፣ ሁለት ጆንያ ሐብሐብ። አንዱማ ጊታር ይዟል። የጸሎት ቤታችን ዋና አዛውንት አሊንግ ኡፔንግ የፋሲካ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል።

የዴንስዮ ሚስት ሳልባ ድስቷን ተሸክማ መጣችና ደርቃ ቀረች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም! ተለማመድኩ እንጂ።»

«ዴንስዮ ልጄ» አሉ አሊንግ ኡፔንግ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንደዚያ ከልብህ ስትለምነኝ አንጀቴን በላኸው። በሰባ አራት ዓመቴ ሰው ሦስት ጊዜ ለምኖኝ አያውቅም። ባሌ እንኳ ሲያገባኝ አንዴ ነው የጠየቀኝ።»

ዴንስዮ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ የበሰለ ፓፓያ መስሏል። «አንቺ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

የጀልባዋ ፈቃድ ስምንት ሰው ነው። ሁለቱ እንግዶች፣ ዴንስዮና ሳልባ አራት ይሆናሉ። አራት ሰው መጨመር ይቻላል። ከአሥራ ሦስት ሰው አራቱን መርጦ ሌላውን የሚመልስ ሰው ግን በሳን ቴልሞ አልተወለደም። እነሱም ገባቸውና እርስ በርስ ይገባበዙ ጀመር። «እኔ ልቅር፣ አንቺ ሂጂ።» «ምን ሲደረግ! አንቺ ሂጂ፣ እኔ ባሕር አይቻለሁ።» ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ያን ጊዜ አዛውንቱ ማንግ አምቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጸሎት ቤቱን ትልቅ ጀልባ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። «የቅዱሱ ጀልባ ባዶዋን ቆማለች። ሃያ ሰው ትይዛለች።»

«እሷ የተፈቀደችው ለሳን ቴልሞ ዙር ብቻ ነው» አልኳቸው። ከተማችን የተሰየመችለት ቅዱስ የመርከበኞች ጠባቂ ስለሆነ በበዓሉ ምስሉን ጀልባ ላይ አድርገን ባሕሩን እናዞረዋለን።

«ታዲያ እናዙረዋ።»

«በዓሉ ሚያዝያ ነው!»

«ቅዱሱ የካቲት ላይ አየር ቢቀበል ይቆጣል?» አሉ አሊንግ ኡፔንግ።

«አሊንግ ኡፔንግ፣ የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ የጉዞው ምክንያት ይጻፋል። መንፈሳዊ ዙር ብዬ ከጻፍኩ መንፈሳዊ ዙር መሆን አለበት። እኔ መዝገብ ላይ ውሸት አላሰፍርም።»

«ማን ዋሺ አለሽ? በየደሴቱ እንጸልያለን። እንዘምራለን። ቅዱሱን ከፊት እናስቀምጣለን።»

«በየትኛው ደሴት?»

«ወንድምሽ በሚሄድበት ሁሉ ነዋ! የጋበዘን እሱ አይደል?»

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ጸጥታውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ «ሽርሽር» ብል ጀልባዋ አትወጣም ነበር፤ ዝም ብዬ ብዋሽ ደግሞ ቢያንስ መዝሙሩ ይቀር ነበር። የጻፍኩት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥም አብሬ ተሳፈርኩ። አሥራ አራተኛዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ።

ጎረቤቶቹ ምስሉን ሊያመጡ ወደ ጸሎት ቤቱ እንደሄዱ ባልና ሚስቱ ልክ በአንድ ሰዓት መጡ። ሚስተር ያሮስላቭ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ የዴንስዮን እቅድ ከጀልባዋ ጎን ላይ ገልብጦ በወረቀት ይዞታል። ሚስቱ ድራሆሚራ ከኋላው ትመጣለች፣ አጠር ያለች፣ ዓይኖቿ የሚቅበዘበዙ። ዴንስዮ ዋዜማውን በረንዳ ላይ ያነበነበውን እንግሊዝኛ ከነጭራሹ ረስቶ «ኑ፣ ግቡ፣ ቶሎ!» አለና ሞተሩን አስነሣ። በእሱ ጀልባ ውስጥ የተባለውን የሰማሁት ከሳልባ ነው፤ ሳልባ አትጨምርም።

ነጭ ጥርስ ላይ በእቅዱ መሠረት ሁለት ሰዓት ከሩብ ደረሱ። ሰው የለም። አሸዋው ላይ ዱካ የለም። ሚስተር ያሮስላቭ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጀርባውን ወደ ሚስቱ አዙሮ ባሕሩን ያይ ጀመር። ሃያ ደቂቃ ማንም ምንም አላለም። ሳልባ «እንደዚያ ያለ ጸጥታ ፈጣሪ አያሳየኝ፤ ቀብር ላይ እንኳ ሰው ያስላል» ትላለች።

ከዚያ እኛ ደረስን። ሳን ቴልሞ ቀይ ካባውን ለብሶ ከፊት፣ ከኋላው አሥራ አራት ሰው በሦስት ድምፅ እየዘመረ፣ ጊታሩም እየተከተለ።

ሚስተር ያሮስላቭ ዞረ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ተሳላሚዎች» አለ ዴንስዮ። እሱም አይዋሽም።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ይጸልያሉ።»

«ለስንት ሰዓት?»

ዴንስዮ ሳልባን አየ። «እንደ ኃጢአታችን ነው» አለ።

የአሊንግ ኡፔንግ ጃንጥላ የወደቀው እዚህ ነው፤ ከጀልባ ሲወርዱ። ጃንጥላውን ለማውጣት ስድስት ሰው ገባ፤ ሁሉም ለሌላው የት እንዳለ ይጮህለታል። ዴንስዮ በዚህ ግርግር መሀል እንግዶቹን ጫነና ከእቅዱ ሃምሳ ደቂቃ ቀድሞ ወደ ርግብ ዋሻ በረረ። የመርከብ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና እኛ መዝሙሩን ሳንጨርስ ከዓይናችን ጠፋ። ሳልባ እንደምትለው ያን ቀን መጀመሪያ ፈገግ ያለው ያኔ ነው።

«አመለጥናቸው» አላት። «በይ አሁን ፍራፍሬውን አቅርቢላቸው።»

«የቱን ፍራፍሬ?»

«ድስቶቹ ጋ ያለውን።»

«ድስቶቹ ከቅዱሱ እግር ሥር ናቸው።»

«የት?»

«ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ላግዝሽ፣ ላግዝሽ አለኝ። ሰጠኋቸው። እነሱ ወደ ጀልባቸው ጫኑት። ምን ላድርግ፣ ነጥቄ ልሩጥ?»

ዴንስዮ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በሕይወቱ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱን አደረገ፤ ጀልባዋን አዞረና ያመለጣቸውን ሰዎች ፍለጋ ተመለሰ።

«ያን ምስል ሳየው ይሄ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው» አለ ሚስተር ያሮስላቭ፣ ባሕሩ መሀል ስንገናኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ለምን ይከተሉናል?»

«አሁን እንኳ እኛ ነን የተከተልናቸው» አለ ዴንስዮ አንገቱን ደፍቶ። «ምሳዎ እነሱ ዘንድ ነው።»

ድስት ክዳን ላይ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኖ ነበር። የሙዝ ቅጠል በረጅሙ አነጠፍን፤ ሩዙ መሀል ለመሀል፣ የተጠበሰው አሣና በሆምጣጤ የተቀቀለው ሥጋ አዶቦው ዙሪያውን፣ ማንጎው ዳር ዳር። ጸሎቱ ተደረገ፤ እኔ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም በእጁ ጀመረ። ሚስተር ያሮስላቭ ሹካ ጠየቀ። ሹካ በእቅዱ ላይ ነበር፤ የሚገኘው ግን ቤት ነው። ሩዝ በሐብሐብ ቅርፊት ይዞ አንድ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀመጠ።

ድራሆሚራ ግን በአሊንግ ኡፔንግ እጅ ወድቃ ነበር። እሳቸው የአሣውን ሆድ ከአጥንት እየለዩ ወደ አፏ ይሰዳሉ። «አፈር ስሆን ይቺን። ይቺን ብቻ።» ቀጥለው እኔን ማስተርጎም ጀመሩ።

«ባሏ ታሟል?» አሉኝ።

ጠየቅኳት። «አይ፣ ጸጥታ ይወዳል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ። ሠላሳ ስምንት ዓመት።»

ስተረጉምላቸው አሊንግ ኡፔንግ ጉርሻውን ይዘው ቆሙ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት! ልጄን! ብይ፣ ብይ።»

ድራሆሚራ ያለ አስተርጓሚ ገባት መሰል ሩዝ እስኪረጭ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ መዝግቤያለሁ ማለት አልችልም፤ መተርጎም አልደረስኩም። ስንት ልጅ፣ ለምን ሁለት ብቻ፣ ምራትሽ ታከብርሻለች ወይ፣ ጉልበትሽን ምን ትቀቢዋለሽ፣ ይሄ ጸጉር የራስሽ ነው ወይ። ሁሉንም መለሰች፤ መልሳም ጠየቀች። የአሊንግ ኡፔንግን የሦስቱን አማቾች ታሪክ በቅደም ተከተል መስማት ያዘች፤ ሁለተኛው ላይ ተናደደች፣ በቼክኛ ሰደበችው። ጊታሩ ሲጀመር ጫማዋን አወለቀች።

ሦስት ጊዜ ዴንስዮ መጥቶ «እህት ዓለም፣ ሰዓቱ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ለሴትዮዋ ነገርኳት፤ ሦስቴም «ትንሽ ቆዪ» አለች። ወደቡ የደረስነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ዘግይተናል። ሚስተር ያሮስላቭ ከጀልባ ወረደ፣ በወረቀቱ ግርጌ አንድ ነገር ጻፈ፣ አጠፈው፣ ወደ ማረፊያው ወጣ።

ጎረቤቶቹ አመስግነው፣ መርቀው፣ የተረፈውን ተካፍለው ሄዱ። ዴንስዮ ጀልባዋን ያጥብ ጀመር። እኔና ሳልባ አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ውሃው ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ፣ ፊቱን ሳያዞርልን ነው የተናገረው።

«ጥሩ ቀን ነበር» አለ።

«ነበር» አለች ሳልባ።

«ሰኞ እፈርማለሁ። አሥር ወር ምን አላት? ቶሎ ነው የሚያልፈው።»

ሳልባ ስንት አሥር ወር እንዳሳለፈች አውቃለሁ፤ አሥራ ሰባት።

ገና ጀልባዋ ሳትደርቅ አሊንግ ፔላ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየን። የታጠፈው ወረቀት በእጃቸው ነው። ዴንስዮ ጨርቁን ይዞ ተገተረ።

«ሰውዬው አማርሯል» አሉ አሊንግ ፔላ። «ስድስት ነጥብ። ከነሰዓቱ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ስድስቱም ትክክል ነበሩ። ሰዓቶቹ ከእኔ ጋር በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚለያዩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አሊንግ ፔላ» አለ ዴንስዮ። «ስምዎን አጠፋሁ።»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። ሚስቱ ወጥ ቤት ድረስ መጣችልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ቅዳሜ ስትፈራ ነበር የከረመችው። ‹ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ምን እሆናለሁ?› ስትል እንቅልፍ አጥታ። እግዜር ቀኑን አሳጠረልኝ አለችኝ። ሰኞ ደግሞ ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ከእነዚያ ሴቶች ጋር። ሁለተኛው አማች ከእስር እንዴት እንደወጣ ነግረው አልጨረሱላትም አሉ።»

«ባሏስ?» አለች ሳልባ።

«ነገርኩት። ‹እኔ ሰኞ በረንዳው ላይ ብቻዬን?› አለኝ። አዎ አልኩት። እጄን ጨበጠኝ። ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሳሳድር ባልም ሚስትም በአንድ ቀን ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያዬ ነው።» ወደ ዴንስዮ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ጸጥታ የሚፈልገውን ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ሌላው ሁሉ ያንተ ነው። ሰኞ አንድ ሰዓት፣ እንዳትዘገይ።»

ዴንስዮ ሰኞ መልስ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉት ሊነግራቸው አፉን ከፈተና ተወው። ጨርቁን ጨመቀ። ውሃው አልቆ እንኳ ይጨምቀው ነበር። ሳልባ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ባሕሩ ውስጥ ገብታ ከእጁ ወሰደችበት።

የመርከቡን ውል ሌላ ሰው ፈረመ። ወንድሜ ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ፣ ሁሉንም እዚሁ፣ በየምሽቱ ቤቱ እየገባ። መርከብ ላይ ሆኖ ቢሆን ከዚህ ውስጥ ስንቱን ቀን ከእኛ ጋር ያሳልፍ እንደነበር ላሰላ ባለፈው እሑድ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ስድስተኛው ዓመት ላይ ስደርስ ሳልባ ሩዝ ቀረበ ብላ ጠራችኝ፤ ወረቀቱን ትቼ ሄድኩ።